ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ ሬዲዮ፦ ራሱን ከአየሩ ጋር የሚያስማማ የኤስዲአር ኔትወርክ ሲሙሌሽን ከዜሮ ጀምሮ

ኤስዲአር (ሶፍትዌር ዲፋይንድ ሬዲዮ) ሬዲዮ ነው። ከድሮው ሬዲዮ የሚለየው፣ ቀድሞ በሽቦ ጥቅልል፣ በኮንደንሰርና በትራንዚስተር ይሠራ የነበረው ሲግናል የማጣራት፣ ሞጁሌት የማድረግ (መረጃን ሞገድ ላይ የመጫን) እና መልሶ የመፍታት ሥራ አሁን በኮድ መሠራቱ ነው። አንቴናው አጠገብ ያለው ጥቂት ሃርድዌር የአየሩን ሞገድ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ሒሳብ ነው። ሒሳብ ከሆነ ደግሞ አንቴናው ሳይኖርም ይሰላል። ዛሬ ላፕቶፓችሁ ላይ የጻፋችሁት ፊልተር ነገ መሣሪያ ስታገኙ ያው ፊልተር ሆኖ ይሠራል።

የሚልክም የሚቀበልም ደህና ኤስዲአር ዋጋው በመቶዎችና በሺዎች ዶላር ይቆጠራል። አራት አምስት ገዝቶ ኔትወርክ መዘርጋት ለተማሪ የማይታሰብ ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ላፕቶፕ ብቻ ላላቸው ነው። አንድ ሕግ አለኝ፣ እሱን አጥብቃችሁ ያዙልኝ፦ በወረቀት ልታሰሉት የምትችሉት ቁጥር ከኮዳችሁ ውጤት ጋር እስኪገጥም ድረስ ወደሚቀጥለው ደረጃ አትለፉ። ሲሙሌሽን ሁልጊዜ አንድ መልስ ይሰጣል፤ መልሱ ልክ መሆኑን ግን ራሱ አይነግራችሁም።

የምንሠራው ሬዲዮ

የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከተመደበላቸው ፍሪኩዌንሲ ውስጥ በየአካባቢው ባዶ የሚቀር ቻናል አለ። የጣቢያውን ሥርጭት ሳይረብሹ ይህን ባዶ ቦታ ለኢንተርኔት እንዲጠቀሙበት እ.ኤ.አ. በ2011 አይ ትሪፕል ኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር 802.22 የተባለ ስታንዳርድ አወጣ። የእኛም ሬዲዮ በዚሁ ሠፈር፣ በ600 ሜጋኸርዝ ላይ ይሠራል። አንዱ ጫፍ ማማ ላይ ነው፤ ሌላው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በሚጓዝ መኪና ውስጥ። ስታንዳርዱ በዋናነት የታሰበው ቤት ላይ ለተተከለ አንቴና ነው፤ መኪናውን የጨመርኩት የመላመድ ችግር ጎልቶ የሚታየው ሲንቀሳቀሱ ስለሆነ ነው።

ሬዲዮው ሁለት ነገር ይከታተላል። አየሩ፣ ማለትም ሲግናሉ የሚያልፍበት መንገድ፣ ሲጠራ በአንድ ሲምቦል (በአንድ ጊዜ በሚላክ የሲግናል ምልክት) ብዙ ቢት ይጭናል፣ ሲከፋ ይቀንሳል። የቻናሉ ባለቤት፣ የቴሌቪዥን ጣቢያው፣ ሲመጣ ደግሞ ለቅቆ ይወጣል።

በሰከንድ 100,000 ሲምቦል እንልካለን፤ ለእያንዳንዱ ሲምቦል 4 ሳምፕል (የሲግናሉ የቅጽበት ልኬት)፣ በድምሩ በሰከንድ 400,000 ሳምፕል። የ600 ሜጋኸርዙን ሞገድ ነጥብ በነጥብ አናሰላውም፤ ለዚያ በሰከንድ ከ1.2 ቢሊዮን በላይ ሳምፕል ያስፈልግ ነበር። ኤስዲአሩ ራሱ እንደሚያደርገው ሲግናሉን ወደ ዜሮ ፍሪኩዌንሲ አውርደን በኮምፕሌክስ ቁጥር እንይዘዋለን። 600 ሜጋኸርዝ ተመልሶ የሚመጣው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፦ የሬዲዮውን ፍሪኩዌንሲ የሚወስነውን ክሪስታል ስህተት ስናሰላና የመኪናውን ፍጥነት ስናስገባ።

ለሥራው የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ናምፓይ፣ ሳይፓይና ማትፕሎትሊብ ከተባሉ ላይብረሪዎች ጋር ይበቃል። ጂኤንዩ ሬዲዮ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ነጻ ሶፍትዌር መጨረሻ ላይ ይመጣል። ከእሱ ያልጀመርኩት፣ ሳጥን ከሳጥን በመስመር ማገናኘት ቀላል ስለሆነ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሳይረዱ ማለፍም ቀላል ስለሆነ ነው።

1ኛ ደረጃ፦ ንጹሕ ሲግናል

የዘፈቀደ ቢቶች አመንጩ። የቁጥር አመንጪውን መነሻ ቁጥር መዝግቡት፤ ከወር በኋላ ያንኑ ውጤት መድገም የምትችሉት በእሱ ብቻ ነው። ቢቶቹን ከአራቱ የሞጁሌሽን ዓይነቶች በአንዱ ወደ ሲምቦል ለውጡ፦ ቢፒኤስኬ በሲምቦል 1 ቢት፣ ኪውፒኤስኬ 2፣ 16 ኳም 4፣ 64 ኳም 6 ይይዛል። የአራቱም አማካይ ኃይል 1 መሆን አለበት። ለ16 ኳም ደረጃዎቹ ‑3፣ ‑1፣ 1፣ 3 ናቸው፤ ሁሉንም ለ10 ካሬ ሥር አካፍሉ። ለ64 ኳም ከ‑7 እስከ 7 ያሉትን ጎዶሎ ቁጥሮች ለ42 ካሬ ሥር። እያንዳንዱ ሲምቦል በኮምፕሌክስ ግራፍ ላይ አንድ ነጥብ ነው፤ ጎረቤት ነጥቦች በአንድ ቢት ብቻ እንዲለያዩም አድርጉ።

ከዚያ ሲምቦሎቹ እርስ በርስ እንዳይደባለቁ የሚያደርገውን ሩት ሬዝድ ኮሳይን ፊልተር በላኪውም በተቀባዩም በኩል አስገቡ። ሮልኦፉ (የሚወስደው ትርፍ የባንድ ስፋት) 0.35፣ ርዝመቱ 41 ነጥብ ይሁን፣ የፊልተሩ ጠቅላላ ኢነርጂም 1። እያንዳንዱ ፊልተር ሲግናሉን በ20 ሳምፕል ያዘገየዋል፤ ሁለቱ አንድ ላይ 40። ኖይዝ (ሲግናሉ ላይ የሚደረብ የዘፈቀደ ረብሻ) ሳይኖር የተሳሳተ ቢት ዜሮ መሆን አለበት። ግማሽ ያህሉ ከተሳሳተባችሁ ያን 40 ሳምፕል ሳትዘሉ ማንበብ ጀምራችኋል ማለት ነው።

2ኛ ደረጃ፦ ኖይዝ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። እኔም ወድቄያለሁ። ኖይዙ ኮምፕሌክስ ስለሆነ ሪያል እና ኢማጂናሪ የሚባሉ ሁለት ክፍሎች አሉት። ጠቅላላ ኃይሉ ለሁለቱ እኩል ይከፈላል፦ ግማሹ ለአንዱ፣ ግማሹ ለሌላው። እኔ ለእያንዳንዱ ሙሉውን ሰጠሁት። የስህተቱ ግራፍ ቁልቁል የሚወርድ፣ ቅርጹ የተዋበ መስመር ሆኖ ወጣ። ያለ ቦታው በ3 ዴሲቤል (በኃይል እጥፍ ያህል) ወደ ቀኝ ተንሸራቶ ነበር፣ ቅርጹ ግን ትክክል ስለነበር አልጠረጠርኩትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊልተሩን ስፈታና ስገጥም ቆየሁ። ጉዳዩ የተገለጠልኝ የወረቀቱን ቀመር እዚያው ግራፍ ላይ ደርቤ ስስለው ነው፤ ሁለቱ መስመሮች ከላይ እስከ ታች በእኩል ርቀት ጎን ለጎን ይወርዱ ነበር።

ሁለተኛው ወጥመድ የሳምፕሉ ቁጥር ነው። በሲምቦል 4 ሳምፕል ስላለን፣ በሳምፕል ደረጃ የሚለካው የሲግናልና የኖይዝ ሬሾ በሲምቦል ደረጃ ከሚለካው በ6 ዴሲቤል ያንሳል። የትኛውን እንደምታወሩ በኮዱ ውስጥ በግልጽ ስሙን ጻፉት።

የወረቀቱ ቁጥር ይኸው። ለቢፒኤስኬ፣ የአንድ ቢት ኢነርጂ ለኖይዝ ሲካፈል 0 ዴሲቤል ከሆነ የስህተቱ ዕድል 0.079፣ በ4 ዴሲቤል 0.0125፣ በ8 ዴሲቤል 0.0002 ገደማ፣ በ9.6 ዴሲቤል 0.00001 ነው። ኪውፒኤስኬም በቢት ሲለካ ያው ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቢያንስ 100 ስህተት እስክትቆጥሩ አስኪዱት፤ ያኔ የውጤቱ መዋዠቅ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። ለ0.00001 ይህ 10 ሚሊዮን ቢት ማለት ነው፤ ስለዚህ በቁርጥራጭ አስኪዱትና እያንዳንዱን ቁራጭ ፋይል ላይ ጻፉ። መብራት ሲጠፋ ከቆመበት ይቀጥላል።

3ኛ ደረጃ፦ የሬዲዮው የራሱ ጉድለት

እስካሁን የሠራነው ማንኛውንም ሬዲዮ ሊሆን ይችላል። ኤስዲአር የሚያደርገው ጉድለቱ ነው። ክሪስታሉ ከሚሊዮን 2.5 ያህል ቢሳሳት በ600 ሜጋኸርዝ ላይ 1,500 ኸርዝ ይሆናል። በእኛ የሲምቦል ፍጥነት ይህ በእያንዳንዱ ሲምቦል የ5.4 ዲግሪ ሽክርክሪት ነው። ኪውፒኤስኬን ብትስሉት በ9 ሲምቦል ውስጥ ነጥቡ 45 ዲግሪውን አልፎ ጎረቤቱ ክልል ይገባል፤ አንድ ሺህ ሲምቦል ብትደራርቡ አራቱ ነጥቦች ጠፍተው ስክሪኑ ላይ ክብ ቀለበት ብቻ ይቀራል። ይህን ምስል አንዴ በዓይናችሁ እዩት። ወደፊት እውነተኛ መሣሪያ ላይ ቀለበት ስታዩ ምን እንደሆነ ወዲያው ታውቃላችሁ።

መድኃኒቱ ከፍሬሙ (በአንድ ጊዜ ከሚላከው የሲምቦሎች ጥቅል) ፊት የሚቀመጡ፣ ተቀባዩ አስቀድሞ የሚያውቃቸው ሲምቦሎች ናቸው። አንድ ዓይነት ቁራጭ ሁለት ጊዜ ደጋግማችሁ ላኩ፤ ተቀባዩ በሁለቱ መካከል የተፈጠረውን የማዕዘን ልዩነት ለክቶ ፍሪኩዌንሲውን ያርማል። ቁራጩ 16 ሲምቦል ከሆነ እስከ 3,125 ኸርዝ ድረስ መለካት ይቻላል። የሁለቱ ጫፎች ድምር ልዩነት ከሚሊዮን 20 ቢደርስ ግን 12,000 ኸርዝ ስለሚሆን ከክልሉ ያልፋል፤ ቁራጩን ወደ 4 ሲምቦል ማሳጠር ግድ ይላል። እያሳጠራችሁ በሄዳችሁ መጠን ደግሞ ኖይዙ ልኬቱን ይበልጥ ያናውጠዋል። ሁለቱንም ሞክሩ።

ከዚህ ጋር የሳምፕሉን ዋጋ ወደ 8 ቢት የሚያጠጋጋ ክፍል ጨምሩ፤ አርቲኤል ኤስዲአር የተባለው ርካሽ የዩኤስቢ መቀበያ 8 ቢት ነው። በወረቀት ወደ 50 ዴሲቤል ይፈቅዳል፣ ለእኛ ይበቃል። የሚጎዳው ሲግናሉ ከጣራው በላይ ሲወጣ መቆረጡ ነው፤ ስለዚህ የተቀባዩን ማጉያ የሚቆጣጠር ትንሽ ዑደትም ጻፉ።

4ኛ ደረጃ፦ የሚዋዥቅ አየር

መኪናው ሲሄድ ሲግናሉ ከሕንፃና ከተራራ እየተንጸባረቀ በብዙ መንገድ ይደርሳል። መንገዶቹ አንዳንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንዴ ይጠፋፋሉ። ይህን ለማስመሰል ከተለያየ አቅጣጫ የሚመጡ 32 ሳይን ሞገዶችን ደምሩ፤ የእያንዳንዱ የዶፕለር ፍሪኩዌንሲ (በእንቅስቃሴው ምክንያት የሚፈጠር የፍሪኩዌንሲ ለውጥ) ከፍተኛው ዶፕለር ሲባዛ በአቅጣጫው ኮሳይን ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትርና በ600 ሜጋኸርዝ ከፍተኛው 33.3 ኸርዝ ይሆናል። አማካይ ኃይሉ 1 መሆኑን አረጋግጡ።

ማመሳከሪያዎቹ ሦስት ናቸው። ሲግናሉ ከአማካዩ በ10 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ የሚቆየው የጊዜውን 9.5 በመቶ ነው። ወደዚያ ጉድጓድ የሚገባው በሰከንድ 24 ጊዜ ያህል ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ የሚቆየው በአማካይ 4 ሚሊሰከንድ ነው። የመጀመሪያው ገጥሞ ሌሎቹ ካልገጠሙ፣ የኃይሉ ሥርጭት ልክ ሆኖ ፍጥነቱ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ዶፕለሩን በሲምቦልና በሳምፕል መካከል አደባልቃችሁ ይሆናል።

5ኛ ደረጃ፦ መላመድ

ሰንጠረዡን እንሥራ። ከሺህ ቢት ከአንድ በላይ እንዳይሳሳት ከተፈለገ፣ በሲምቦል ደረጃ ሲለካ ቢፒኤስኬ 6.8 ዴሲቤል የሲግናልና የኖይዝ ሬሾ ይፈልጋል፣ ኪውፒኤስኬ 9.8፣ 16 ኳም 16.5፣ 64 ኳም 22.5 ገደማ። ከ6.8 በታች ከሆነ ዝም ይባላል። ለእያንዳንዱ ፍሬም 200 ሲምቦል ስጡት፤ 2 ሚሊሰከንድ ይሆናል፣ አየሩ በዚያ መካከል ብዙም አይለወጥም።

የሬሾው አማካይ 20 ዴሲቤል ከሆነና ላኪው የአየሩን ሁኔታ በዚያው ቅጽበት ያውቃል ብለን ካሰብን፣ ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ የጊዜውን 4.7 በመቶ ዝም ይላል፣ 4.4 በመቶ ቢፒኤስኬ፣ 27 በመቶ ኪውፒኤስኬ፣ 47 በመቶ 16 ኳም፣ 17 በመቶ 64 ኳም ይጠቀማል። በአማካይ በሲምቦል 3.5 ቢት ገደማ፣ ማለትም በሰከንድ ወደ 350 ኪሎቢት። ኮዳችሁ እነዚህን ካወጣ የመምረጫው ክፍል ደህና ነው።

አሁን ወደ እውነቱ እንምጣ። ላኪው አየሩን ራሱ አያየውም። ተቀባዩ ይለካል፣ ልኬቱን መልሶ ይልካል፣ ላኪው ተቀብሎ ይወስናል። በዚህ መካከል መኪናው ቦታውን ለቋል። በኤስዲአር ላይ ይህ መዘግየት ከተራ ሬዲዮ ይብሳል፤ ሳምፕሎቹ በዩኤስቢ ገመድ ተጉዘው፣ በኮምፒውተሩ ወረፋ ጠብቀው፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር ተሻምተው ነው የሚሠሩት። ብዙ የመላመድ ሲሙሌሽኖች የሚዋሹት እዚህ ላይ ነው፣ መዘግየቱን ዜሮ ያደርጉታል።

ስለዚህ በኮዱ ውስጥ ወረፋ ሥሩ። ተቀባዩ የለካው ቁጥር ወረፋው ጀርባ ይገባል፤ ላኪው ከፊት ያወጣል። የወረፋው ርዝመት በፍሬም ቁጥር መዘግየቱ ነው። በ1፣ በ3 እና በ5 ፍሬም አስኪዱት፣ ማለትም በ2፣ በ6 እና በ10 ሚሊሰከንድ። በተለካው አየርና ሲግናሉ በሚሄድበት አየር መካከል ያለውን ኮሪሌሽን (ተዛምዶ) ለኩ፤ ዜሮኛው የቤሰል ፋንክሽን የተባለው የሒሳብ ቀመር 0.96፣ 0.64 እና 0.17 ይላችኋል። በ10 ሚሊሰከንድ ላኪው የሚያየው አሮጌ አየር ካሁኑ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። ጨርሶ ሲለያዩ 64 ኳም ከ100 ቢት ወደ 5 የሚጠጋ ይሳሳታል፤ ሰንጠረዣችን የፈቀደው ከ1,000 አንድ ብቻ ነበር።

ያንኑ 10 ሚሊሰከንድ ይዛችሁ መኪናውን አቁሙና ሰውየው በእግሩ ይሂድ፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር። ዶፕለሩ 2.8 ኸርዝ ይሆናል፣ ኮሪሌሽኑ 0.99። አንድም የኮድ መስመር ሳይቀየር ያው ሬዲዮ፣ ያው መዘግየት፣ ያው ሰንጠረዥ በትክክል ይሠራል። አንድ የመላመድ ዘዴ ጥሩ ነው የሚል ውጤት ስታነቡ በመጀመሪያ ፍጥነቱንና መዘግየቱን ፈልጉ፤ ሁለቱ ካልተጻፉ ውጤቱን ለምንም ልትጠቀሙበት አትችሉም።

የሚረዱ ነገሮች አሉ። ወደ ላይ ለመውጣት ከሰንጠረዡ በላይ 2 ዴሲቤል ትርፍ ጠይቁ፣ ለመውረድ ግን ወዲያው ውረዱ፤ ይህ በየፍሬሙ ከመንፈራገጥ ያድናል። ፍጥነቱ ከፍ ሲል ደግሞ ቅጽበታዊውን ልኬት ተዉትና በአማካዩ ብቻ ወስኑ። እኔ በተግባር የማምነው ሦስተኛውን ነው፦ ሬዲዮው ያለፉትን ልኬቶች ከአሁኑ ጋር እያነጻጸረ ኮሪሌሽኑን ራሱ ይገምት፣ ሲወርድ ወደ አማካዩ ይዙር። የሚመለሰው መልእክት ራሱ የሚጠፋበትን ዕድልም አስገቡ፤ ያልደረሰ ልኬት ሲያጋጥም ላኪው ምን እንደሚያደርግ ኮዱ ውስጥ መጻፍ አለበት።

6ኛ ደረጃ፦ ባለቤቱ ሲመጣ

ቻናሉን ለመልቀቅ መጀመሪያ የባለቤቱን ሲግናል መስማት ያስፈልጋል። ቀላሉ መንገድ ኃይሉን መለካት ነው፦ የሳምፕሎቹን ካሬ ደምራችሁ አማካዩን ከአንድ ወሰን ጋር አነጻጽሩ። ከ10 ባዶ ቻናል 1 ጊዜ በሐሰት እንዲጮህ ከፈቀድን፣ ካለው ባለቤት ደግሞ ከ10 ጊዜ 9 ጊዜ እንዲያገኘው ከፈለግን፣ ሲግናሉ ከኖይዙ በ10 ዴሲቤል ዝቅ ሲል 724 ሳምፕል ይበቃል። ወሰኑ የኖይዙ ኃይል ሲባዛ በ1.048 ነው። በ20 ዴሲቤል ዝቅ ሲል ግን 66,000 ያህል ሳምፕል ይጠይቃል። በእኛ ፍጥነት የመጀመሪያው 2 ሚሊሰከንድ አይሞላም፤ ሁለተኛው 166 ሚሊሰከንድ ነው። 802.22 ለመለየት 2 ሰከንድ ስለሚሰጥ ሁለቱም ያልፋሉ፣ በዚያ ጊዜ ሁሉ ግን ሬዲዮው ዝም ማለት አለበት።

ይህ ሁሉ የኖይዙን ኃይል በትክክል ካወቅን ነው። በ1 ዴሲቤል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብንሳሳት፣ ከኖይዙ በ3.3 ዴሲቤል በታች ያለን ሲግናል ሰዓታት ብናዳምጥ እንኳ በዚህ ዘዴ በእርግጠኝነት አንለየውም። ኮዳችሁ ውስጥ የኖይዙን ኃይል በየሙከራው በዘፈቀደ በዚያ ክልል ውስጥ አናውጡትና የሳምፕሉን ቁጥር እየጨመራችሁ እዩት፤ መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ይቆማል። ስታንዳርዱ የዲጂታል ቴሌቪዥንን ሲግናል እስከ ‑114 ዲቢኤም (ከ1 ሚሊዋት አንጻር የሚለካ ዴሲቤል) ድረስ ስሙ ሲል፣ በ6 ሜጋኸርዝ ቻናል ላይ ፍጹም ተቀባይ እንኳ ያለው ኖይዝ ‑106 ዲቢኤም ነው። ስለዚህ ኃይል መለካት ብቻውን አያደርስም፤ የቴሌቪዥኑን ሲግናል የሚደጋገም ምልክት መፈለግ ወይም የጣቢያዎችን ዳታቤዝ መጠየቅ ይጨመርበታል።

7ኛ ደረጃ፦ ከአንድ ሊንክ ወደ ኔትወርክ

50 ሬዲዮ በሳምፕል ደረጃ ብታስኬዱ በእያንዳንዱ የሲሙሌሽን ሰከንድ 20 ሚሊዮን ኮምፕሌክስ ሳምፕል፣ 160 ሜጋባይት ይሆናል፤ በመካከላቸው ያሉት 2,450 መንገዶች ሳይቆጠሩ። አትሞክሩት። እስካሁን ከሠራችሁት ሊንክ፣ ማለትም የሁለት ሬዲዮዎች ግንኙነት፣ ሰንጠረዥ አውጡ፦ በእያንዳንዱ ሞጁሌሽንና ዴሲቤል አንድ ፍሬም የሚጠፋበት ዕድል። ሰንጠረዡን ኤንኤስ‑3 ለተባለው የኔትወርክ ሲሙሌተር ስጡት፤ እሱ ፍሬም በፍሬም እንጂ ሳምፕል በሳምፕል አያስብም። ከዚያ ሁለት ሦስት ሬዲዮ መርጣችሁ በሳምፕል ደረጃም አስኪዱና ውጤቱን አስተያዩ።

8ኛ ደረጃ፦ ወደ እውነተኛው አየር

አሁን ጂኤንዩ ሬዲዮን ክፈቱ። ቻናል ሞዴል የሚባለው ሳጥን ኖይዝን፣ የፍሪኩዌንሲ ልዩነትን፣ የሰዓት ልዩነትንና የተንጸባረቁ መንገዶችን ይዟል፤ ትርጉማቸውን ከላይ በእጃችሁ ስለሠራችሁ ታውቁታላችሁ። መሣሪያ በሌለበት ትሮትል የሚባለውን፣ የሥራውን ፍጥነት የሚገድበውን ሳጥን አትርሱ፤ ከሌለ ፕሮግራሙ ፕሮሰሰሩን ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል። ላኪውንና ተቀባዩን በሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች አድርጋችሁ በፕሮግራሞች መካከል ዳታ በሚያመላልሰው ዚሮኤምኪው አገናኙ። ኤስአርኤስራን 4ጂ የተባለው የሞባይል ኔትወርክ ሶፍትዌርም በዚሁ መንገድ ማማውንና ስልኩን ያለ አንድም ሬዲዮ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ያገናኛል።

መላክ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በኢትዮጵያ ስፔክትረሙን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በርካሹ አርቲኤል ኤስዲአር ግን መቀበል ብቻ ነው የሚቻለው፣ ለእኛም ያ ይበቃል። 600 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያሉ ቻናሎችን አንድ በአንድ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ፋይል ላይ ቅዱ። ከዚያ በ6ኛው ደረጃ ኮዳችሁ ውስጥ በናምፓይ የተፈጠረውን ኖይዝ አውጡና በቦታው ከባዶ ቻናል የቀዳችሁትን አስገቡ። ወሰኑን ሳትነኩ አስኪዱት፤ የሐሰት ጩኸቱን ቁጥር ከ10 በመቶው ጋር አነጻጽሩና በሠፈራችሁ ያለው ኖይዝ በምን ያህል እንደሚዋዥቅ ከዚያ ለክታችሁ ወሰኑን እንደገና አስሉ።